«ቁም!» ባዩ ተመልካች፦ ሠራተኛው የራሱን ኑሮ ሲተውን

እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቺክላዮ በምትባል የፔሩ ከተማ፣ ሰው በሞላበት የሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ደንበኛ የቀረበለት ምግብ እንዳልጣመው ጮክ ብሎ አማረረ። ሌላ ይምጣልኝ ብሎም ጥብስ አዘዘ። አስተናጋጁ ዋጋው 70 ሶል መሆኑን አስቀድሞ ነገረው፤ ሰውዬው «ምንም ችግር የለም» አለ። በልቶ ሲጨርስ ሂሳቡ መጣ። እሱ ግን ገንዘብ የለኝም፣ በጉልበቴ ልክፈል ባይ ሆነ። ዋና አስተናጋጁ ተጠራ። ሰውዬው ቆሻሻ ልድፋላችሁ ካለ በኋላ፣ ለመሆኑ ቆሻሻ የሚደፋላችሁ ሠራተኛ በሰዓት ስንት ያገኛል ብሎ ጠየቀ። ዋና አስተናጋጁ ሲያቅማማ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ጣልቃ ገባ፤ ሠራተኛውን ያውቀዋል፣ የሚያገኘው በሰዓት 7 ሶል ነው። በአሥር ደቂቃ የተበላው ጥብስ የአሥር ሰዓት ጉልበት ሆኖ ቁጭ አለ። እንግዲያው አትክልት ልኮትኩት፣ ለአትክልተኛውስ ስንት ነው? ከሌላ ጠረጴዛ መልስ መጣ፦ 10 ሶል። ይሄኔ ምግብ ቤቱ በሙሉ ክርክር ውስጥ ገብቷል።

ደንበኛውም፣ ከየጠረጴዛው የመለሱለትም ተዋንያን ነበሩ። ተመጋቢዎቹ ግን ቴአትር እያዩ መሆናቸውን አላወቁም። ነገሩን ያቀናበረው ብራዚላዊው የቴአትር ሰው ኦጉስቶ ቦአል ሲሆን፣ ስልቱንም «የማይታይ ቴአትር» ብሎታል።

የዚህ ታሪክ ሒሳብ ሁሌም ይገርመኛል። ስለ ደመወዝ ፍትሕ የሚደረግ የግማሽ ቀን ንግግር፣ አሥር ሰዓትን ከአሥር ደቂቃ ጎን እንዲህ አድርጎ አያስቀምጥም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ስለ ቆሻሻ ደፊው ያ ሁሉ ተወራ፣ ደመወዙም በሰው ፊት ተሰላ፤ የትዕይንቱ ባለቤት ግን እሱ አልነበረም። እሱን ቢጠይቁት ኖሮ ምናልባት ከደመወዙ በፊት የሚያነሳው ሌላ ነገር ነበረው፦ የእጅ ጓንት ማጣቱን፣ በስሙ ጠርቶት የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን፣ ወይም እኛ ጨርሶ ያላሰብነውን።

ስለ ሠራተኛ የሚሠራ ቴአትር አለ፤ ሠራተኛው ራሱ የሚሠራው ቴአትርም አለ። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ተመልካቹ ራሱ ገብቶ የሚጫወትበት፣ አሳታፊ ቴአትር የሚባለው፣ ለለውጥ ይጠቅማል ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚገኘው፣ ታሪኩን የያዘው ማን ነው፣ ትዕይንቱን የማስቆም ሥልጣን ያለውስ ማን ነው በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

የእንጨት ጠመንጃ

ቦአል ይህን የተማረው አፍሮ ነው። በ1931 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከዳቦ ጋጋሪ አባት ተወለደ፤ ኬሚካል ምሕንድስና ተምሮ በመጨረሻ ቴአትርን መረጠ። ሳኦ ፓውሎ ካለው አሬና ቴአትር ጋር በመላ አገሪቱ ሲዞር ቡድኑ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ፣ መሬታችንን ለማስመለስ ደማችንን እናፍስስ የሚል ተውኔት አቀረበ። መዝሙሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ ጠመንጃም ወደ ላይ ተነሳ። ቪርጂልዮ የሚባል ገበሬ ከልቡ ተነክቶ ወደ ቡድኑ መጣ። ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ መሬታችንን የነጠቀንን ሰው አብረን እናስወጣው አላቸው። ተዋንያኑ ጠመንጃው የመድረክ ቁሳቁስ እንደሆነ፣ እንደማይተኩስ አስረዱት። ገበሬው ግድ የለም፣ ጠመንጃ እኛ ዘንድ አለ፣ እናንተ ብቻ ኑ አለ። እነሱም እኛ አርቲስቶች ነን እንጂ ገበሬዎች አይደለንም ሲሉ መለሱ። ያኔ ቪርጂልዮ ነገሩ ገባው፦ ይፍሰስ የምትሉት ደም የኛን እንጂ የእናንተን አይደለም።

ቦአል ከዚያ ወዲያ ለራሱ ለመክፈል የማይደፍረውን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል የሚመክር ተውኔት ላለመጻፍ ወሰነ። መድረክ ላይ መልስ መስጠት ትቶም መልሱን ተመልካቹን መጠየቅ ጀመረ። በ1971 የወታደራዊው መንግሥት አስሮ ካሠቃየው በኋላ አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ ፔሩ የደረሰውም በዚያው ስደት ላይ ሳለ በአንድ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ለመሥራት ነበር።

ፔሩ ውስጥ አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት የራሷን ታሪክ ይዛ መጣች። ባሏ ቤት እየሠራሁ ነው እያለ በየጊዜው ገንዘብ ይቀበላታል፤ የቤቱ ሰነድ ነው ብሎም ወረቀቶች አስቀምጧታል። ብታስነብበው ወረቀቶቹ የሌላ ሴት የፍቅር ደብዳቤዎች ሆነው ተገኙ። ባልየው ነገ ይመለሳል። ምን ታድርግ? ታሪኩ መድረክ ላይ ወጣ፤ ተመልካቹ ሐሳብ ይሰጣል፣ ተዋንያኑ ሐሳቡን ይተውናሉ። አንዲት ግዙፍ ሴት ከተመልካቹ መካከል ሆና «በግልጽ ታነጋግረውና ከዚያ ይቅር ትበለው» አለች። ተዋንያኑ በግልጽ መነጋገርን ተወኑላት። አይደለም አለች። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም አይደለም። ቦአል በመጨረሻ ራስሽ ወጥተሽ አሳዪን አላት። ወጣች፤ መጥረጊያውን አነሳችና ባል ሆኖ የሚጫወተውን ምስኪን ተዋናይ ትቀጠቅጠው ጀመር። ከዚያ በኋላ፣ እንዳለችው፣ ይቅር አለችው።

«በግልጽ ታነጋግረው» ማለት ለእሷ ያ ነበር። ቃሉ የጋራ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ሰውነት ውስጥ ነው። ፎረም ቴአትር የሚባለው ስልት ከዚህች ሴት ተወለደ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። በ1974 የታተመው የቦአል መጽሐፍ «የተጨቆኑት ቴአትር» የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ ከአገሩ ሰው ከፓውሎ ፍሬሬ የትምህርት ፍልስፍና ነው። ፍሬሬ ተማሪ ባዶ ዕቃ አይደለም እንዳለው ሁሉ ቦአልም ተመልካች ባዶ ወንበር አይደለም አለ፤ «ተመልካች-ተዋናይ» የሚል ስምም አወጣለት።

አንድ ትዕይንት በቅርበት

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ትዕይንት በሐሳባችን እናቁም። ሁለት ወንበሮች ሁለት የስፌት መኪናዎች ናቸው። ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ይሰፋሉ። መውጫ ሰዓት ደርሷል፤ አንደኛዋ ክሯን ቆርጣ ቦርሳዋን አነሳች። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል። አይቆጣም፣ እንዲያውም ፈገግ ይላል። «መኪናው ውጪ ቆሟል፤ ጭነቱ ዛሬ ካልወጣ ሁላችንም ነን የምንጠየቀው። አንድ ሰዓት ብቻ።» ሠራተኛዋ ልጄን ከመዋያ መውሰድ አለብኝ ትላለች። «እኔም ልጅ አለኝ» ይላል እሱ። ጓደኛዋ አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጥላለች። ሠራተኛዋ ቦርሳዋን መልሳ ታስቀምጣለች። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ጉዳይ ጭራሽ አልተነሳም። አለቀ፤ አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከዚያ ጆከር የሚባለው አስተባባሪ ወደ ፊት ይወጣል። በካርታ ጨዋታ ጆከር የየትኛውም ወገን ያልሆነ፣ የፈለጉት ቦታ የሚገባ ካርድ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ጆከሩ ትዕይንቱ እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚጫወት ይናገራል። አሁን ግን ማንም ተመልካች «ቁም!» ብሎ ማስቆም፣ ወጥቶ ሠራተኛዋን መተካትና የተለየ ነገር መሞከር ይችላል።

የመጀመሪያው ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ ጀግና ነው። ወጥቶ ሱፐርቫይዘሩ ላይ ይጮኻል፤ ሕጉን ይጠቅሳል። ሱፐርቫይዘር ሆኖ የሚጫወተው ሰው ደግሞ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ነውና ምን እንደሚመልስ ያውቃል፦ «ሂጂ፤ ነገ ግን ወደዚህ መኪና አትምጪ።» አዳራሹ ዝም ይላል። ሁለተኛዋ ተመልካች ስትወጣ አትጮኽም፤ የትርፍ ሰዓቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ትላለች። ሱፐርቫይዘሩ ይስቃል፣ ግን ለአፍታ መልስ ያጣል፤ ያቺን አፍታ አዳራሹ በሙሉ አየ። ሦስተኛው ሰው ሱፐርቫይዘሩን ልተካና ደግ ላድርገው ይላል። ጆከሩ እዚህ ላይ ይከለክላል፤ ነገ ጠዋት የሚጠብቃቸው ሱፐርቫይዘር ያው የትናንቱ ነው፤ ደግ አለቃን ከሰማይ ማውረድ ተአምር እንጂ መፍትሔ አይሆንም። በፎረም ቴአትር የተመልካቹ የዳኝነት ቃልም ይኸው ነው፦ አንድ ሙከራ ከእውነት ሲርቅ «ተአምር ነው!» ብሎ ይጮኻል።

ከዚያ አንዲት ሴት ወጥታ ያልተጠበቀ ነገር ትጠይቃለች። ባለ ታሪኳን መተካት አልፈልግም፣ ያቺን አንገቷን ደፍታ የምትሰፋውን ነው ትላለች። ጆከሩ ይፈቅዳል። ትዕይንቱ ሲጀምር ጓደኛዋ የራሷን ክር ትቆርጥና ቦርሳዋን አንስታ ትቆማለች፤ አንዲት ቃል አትናገርም። ሱፐርቫይዘሩ አሁን ሁለት ሰው ፊት ቆሟል። ፈገግታው ይጠፋል።

ሳይሳካ የቀረው ሙከራ ከተሳካው የበለጠ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጩኸት ለምን ከሸፈ? ብቻዋን ስለነበረች። ወረቀት መጠየቅ ለምን በከፊል ሠራ? አለቃው ራሱ ሌላ አለቃ ስላለው። መቆም ብቻውን ለምን ሠራ፣ ስምንት ሆነው ቢቆሙስ? ይህን ዓይነት ዕውቀት መጠይቅ ወረቀት አያወጣውም። ቦአል ቴአትር የአብዮት ልምምድ ነው ይል ነበር፤ እኔ ቃሉን ጥቂት ዝቅ አድርጌ የነገ ጠዋት ልምምድ እለዋለሁ። ሰው አለቃው ፊት ሲቆም አፉ የሚደርቀው ክርክር አጥቶ አይደለም፤ ክርክሩን በድምፁ ተናግሮት ስለማያውቅ ነው።

ሳንቃና ጭቃ

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ፈጠራ ብቻ እንዳይመስል። ቦአል መጽሐፉን ከማሳተሙ ቀደም ብሎ፣ በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወይን ለቃሚዎች ዴላኖ ላይ አድማ ሲመቱ ሉዊስ ቫልዴዝ የሚባል ወጣት መጣ። ስብሰባ ላይ ለሠራተኞቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ጽሑፎች ሰጣቸው፦ አንዱ «አድመኛ»፣ ሌላው «አድማ ሰባሪ»፣ ሌላው «አለቃ»። በሉ ተጫወቱ አላቸው። ትናንት ማሳ ላይ ያዋረዳቸውን ሰው ዛሬ እነሱ ሆነውት፣ አረማመዱን እየቀዱ ሲጫወቱ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኤል ቴአትሮ ካምፔሲኖ (የገበሬዎች ቴአትር) የሚባለው ቡድን እንዲህ ተጀመረ፤ መድረኩ የጭነት መኪና ጀርባ ነበር። በ1966 አድመኞቹ ከዴላኖ እስከ ሳክራሜንቶ በእግር ሲጓዙ ማታ ማታ ባረፉበት ሁሉ ይጫወት ነበር። የአለቃን አረማመድ መቅዳት ቀላል ነገር አይደለም። የሚፈራ ሰው አይስቅም፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ ለዚያች ምሽት አይፈራም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚይዘው ግን ካሚሪዙ ነው። ኬንያ፣ ሊሙሩ አጠገብ ያለች መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿ በሻይ እርሻና በአቅራቢያው ባለ የጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ መሬት የሌላቸው ወይም ያነሳቸው ሰዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመንደሩ የትምህርትና የባህል ማዕከል ተውኔት እንዲጻፍለት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎችን፣ ደራሲውን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎንና ንጉጊ ዋ ሚሪን ጠየቀ። ረቂቁ በኪኩዩ ቋንቋ ተጻፈ፤ ርዕሱ «ንጋሂካ ንዴንዳ» ነው፣ «ስፈልግ አገባለሁ» እንደ ማለት።

ረቂቁ ለመንደሩ ሰው ሲነበብ አርትኦቱ ተጀመረ። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ክብር ያለው ሽማግሌ ከሆነ በተረትና ምሳሌ ነው የሚናገረው እያሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጻፉትን ቃለ ተውኔት ያርሙ ነበር። ዘፈኖቹን የሚያውቁት እነሱ፣ የፋብሪካውን ውሎ የሚያውቁት እነሱ፣ የነፃነት ትግሉን የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ልምምዱ ሜዳ ላይ በመሆኑ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይቆማል፣ ይተቻል። ክፍት አየር መድረኩንም ራሳቸው ሠሩት፤ ወደ 2,000 ሰው የሚይዝ። 

ጥቅምት 1977 ላይ ተከፈተ። ሰው ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ኅዳር አጋማሽ ላይ መንግሥት የትርዒቱን ፈቃድ ሰረዘ። ታኅሣሥ 31 ቀን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ታሰረ፣ ያለ ፍርድም አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በ1982 የፖሊስ ኃይል መጥቶ መድረኩን አፈረሰው።

እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ንጉጊ ከዚያ በፊት መንግሥትን የሚተቹ ልብ ወለዶችን በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ በዚያ አልታሰረም። ያሳሰረው መንደሩ አብሮት የጻፈው፣ መንደሩ ራሱ የተጫወተው ተውኔት ነው። የሚያስፈራው ጽሑፉ ሳይሆን ልምምዱ እንደነበረ ያኔ የገባው መንግሥቱ ነበር። የቴአትር ተቺዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱትን ሳንሱር አድራጊው አገኘው።

ትርዒቱ አምሮ አድማው ሲወድቅ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቶ ቴአትር በራሱ ያሸንፋል የሚል ሰው ካለ የፓተርሰንን ነገር ይስማ። በ1913 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለችው በፓተርሰን ከተማ የሐር ሸማኔዎች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጠይቀው፣ በአንድ ሠራተኛ ላይ የሚጫኑት የሽመና መኪኖች መብዛት አስመርሯቸው አድማ መቱ። የኒው ዮርክ ጸሐፊዎችና አርቲስቶች፣ ጋዜጠኛው ጆን ሪድ ከፊት ሆኖ፣ አድማውን መድረክ ላይ እናውጣው አሉ። ሰኔ 7 ቀን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ አድመኞች በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ወደ 15,000 በሚጠጋ ሕዝብ ፊት የራሳቸውን አድማ ተጫወቱ፦ ፋብሪካው ሲነቃ፣ ሥራ ሲቆም፣ በአድማው ወቅት የተገደለ ሰው ሲቀበር። ካዩት ብዙዎቹ ድንቅ ነው አሉ።

ለአድማው ገንዘብ ያመጣል የተባለው ትርዒት ኪሣራ ላይ ወደቀ። ከአድማው መሪዎች አንዷ ኤልዛቤት ጉርሊ ፍሊን በኋላ በምሬት እንደተናገረችው፣ ጉዳቱ ከገንዘቡም አልፏል፤ ሠራተኛው ልምምድ ላይ ሳለ የፋብሪካው በር ጥበቃ ላላ፣ አድማ ሰባሪዎች ገቡ፤ ትርዒቱ ላይ የመውጣት ዕድል ያላገኘውም በተመረጠው ቀና። ሐምሌ ላይ አድማው ፈረሰ።

ፍሊን ትንሽ አጋንናለች የሚሉ አሉ፤ አድማው በረሃብ ተዳክሞ ነበርና ሳይወድቅ አይቀርም ነበር። ቢሆንም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ካሚሪዙ ለራሱ ተጫወተ፤ ፓተርሰን ለሌላ ከተማ ተመልካች ተጫወተ። አድመኞቹ የራሳቸውን ታሪክ ቢተውኑም ማስቆም የሚችሉበት ቦታ አልነበረም። የምሽቱ ትርፍ ጭብጨባ ነው፤ ጭብጨባ ደግሞ የፋብሪካ በር አይጠብቅም።

ስለዚህ ከመድረክ ወደ ውሳኔ የሚወስድ መንገድ ያስፈልጋል። ከተሞከሩት ሁሉ ግልጹን መንገድ የቀየሰው ራሱ ቦአል ነው። ከስደት ተመልሶ በ1992 ለሪዮ ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ። የቴአትር ቡድኑን የምክር ቤት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አደረገው። በየሠፈሩና በየሥራ ቦታው ፎረም ቴአትር ይካሄዳል፤ ተመልካቾች የሞከሩት ሁሉ ይመዘገባል፤ የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ሙከራውን ወደ ረቂቅ ይለውጡታል። ከ1993 እስከ 1996 ባለው የሥራ ዘመኑ 13 ሕጎች ጸደቁ። ከመካከላቸው አንዱ ደስ ይለኛል። በየመንገዱ የተንጠለጠሉ የሕዝብ ስልክ መጠለያዎች ላያቸው ሰፊ፣ እግራቸው ቀጭን ስለነበረ የዓይነ ስውራን በትር ሳያገኛቸው ጭንቅላት ይመታሉ፤ መፍትሔው ከሥራቸው ከፍ ያለ መሠረት ማድረግ ነበር። የስልኩን መጠለያ በግንባሩ መትቶት የማያውቅ ሰው ይህን ሕግ አያረቅቅም።

ሕግ ደግሞ ዛሬ በጣም የሚጎድላቸው ሠራተኞች አሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጉ የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከአሥሩ ስምንቱ በውል ሳይሆን በኢመደበኛ መልክ የሚሠሩ ናቸው። መብታቸውን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 189 የወጣው በ2011 ነው። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ በር ላይ አይገናኙም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በሌላ ሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ናቸው። ሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም መጀመሪያ መተያየት ያስፈልጋል፤ ቴአትር እነሱን በአንድ ክፍል የሚያገናኝ ሰበብ ይሆናል።

ሪዮ ውስጥ ማሪያስ ዶ ብራዚል የሚባል የቤት ሠራተኞች የቴአትር ቡድን ነበር። ከአንድ ትርዒት በኋላ ከተዋንያኑ አንዷ ከመድረክ ጀርባ ስታለቅስ እንደተገኘች ቦአል ይተርካል። ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው እንዳትታይና እንዳትሰማ ነው፤ ጎበዝ የቤት ሠራተኛ ማለት መኖሯ የማይታወቅ ናት። ያን ምሽት ግን አሠሪዎቿ ጨለማ ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ብርሃኑ እሷ ላይ ነበር። መስተዋት ስታይ ያየችው ሴት ነው፤ ከዚያ በፊት የምታየው የቤት ሠራተኛ ነበር። ይህ በሪፖርት ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። እኔም ለውጥ ብዬ አልቆጥረው ይሆናል፤ ግን ያለዚህ የሚጀመር ለውጥ አላውቅም።

ዋጋው ማን ላይ ይወድቃል?

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር። ፎረም ቴአትር በየሥልጠና አዳራሹ ገብቷል። ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው «የግንኙነት ክህሎት» ለማስተማር ይቀጥሩታል፤ ትዕይንቱም መቆሚያው ላይ ይደርሳል፣ ተመልካቹም ይወጣል። ጥያቄው ግን ተለውጧል። የትርፍ ሰዓቱ ለምን አልተከፈለም የሚለው ቀርቶ ሠራተኛዋ በተሻለ አነጋገር ብትጠይቅስ የሚል ሆኗል። ቅርጹ አንድ ነው፣ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ። ለትርዒቱ የሚከፍለው አካል በትዕይንቱ ውስጥ አለቃ ሆኖ ሊወጣ ካልቻለ ቴአትሩ መጀመሪያውኑ ቆሟል። የዕርዳታ ድርጅቶች የሚያዝዙትም ከዚህ አያመልጥም፤ መልዕክቱ አስቀድሞ ተጽፎ ከመጣ «ቁም!» ማለት ለይስሙላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አደጋው ነው። ሕንዳዊው ሳፍዳር ሃሽሚ በፋብሪካ ሠፈሮች የጎዳና ቴአትር ያሳይ የነበረው የጃና ናትያ ማንች ቡድን መሪ ነበር። ጥር 1 ቀን 1989 ደልሂ አጠገብ ሳሂባባድ ውስጥ እየተጫወቱ ሳለ ጥቃት ደረሰባቸው፤ እሱ በማግሥቱ ሞተ፣ አንድ ሠራተኛም ተገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቱ ቡድኑን ይዛ እዚያው ቦታ ተመለሰችና የተቋረጠውን ተውኔት ጨረሰችው። ይህን የሚሰማ ሰው ጀግንነቱን ያደንቃል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የቪርጂልዮን ጥያቄ ደግሜ አነሳዋለሁ። አዘጋጁ ከትርዒቱ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሠራተኛዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች፤ ሱፐርቫይዘሩም ማን ምን እንዳለ ሰምቷል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች የአንዱን ታሪክ እንዳለ አያወጡትም። የሦስት አራት ሰው ታሪክ ቀላቅለው ማንም ተለይቶ የማይታወቅበት አንድ ታሪክ ያበጃሉ፤ የራሷን ቁስል ያወጣችው ሴትም ራሷን እንድትጫወት አያስገድዱም። ፊልም መቅረጽም የሠራተኞቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በተለይ ዛሬ፣ የአዳራሽ ሙከራ በአንድ ምሽት ውስጥ የአለቃ ስልክ ላይ በሚደርስበት ጊዜ።

ስልክ ካነሳሁ አይቀር፣ ለዚህ ዘዴ አዲሱና ከባዱ ፈተና ያለው እዚያው ነው። ፎረም ቴአትር የተሠራው አለቃ ፊት ለነበረው ዘመን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ይላል፣ ይቆጣል፣ ያመነታል፤ ተመልካቹም ያቺን ማመንታት ይይዛታል። ዛሬ በመተግበሪያ ታዝዘው ዕቃ የሚያደርሱ፣ ሰው የሚያመላልሱ ሠራተኞች አለቃቸውን አያውቁትም። ሥራ ያቆማቸው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ የሚመጣላቸው መልስ ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ይህን እንዴት ትተውነዋለህ? እንሞክረው። አንዱ ሰው ስልኩን ይሆናል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ሠራተኛው ሞተር ሳይክሉ ተበላሽቶበት ዘግይቷል። «አካውንትዎ ለጊዜው ታግዷል» ይላል ስልኩ። ሠራተኛው ያስረዳል፤ ስልኩ ያንኑ ይደግማል። አንዱ ተመልካች «ቁም!» ብሎ ይወጣል፣ ይለምናል፤ ስልኩ ያንኑ ይደግማል። ሌላው ይሳደባል፤ ያው ነው። ሦስተኛው ቅሬታ ይጽፋል፣ መልሱ ያው። አዳራሹ በመጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ሳቁ እየደረቀ ይሄዳል።

ከዚያ አንዲት ተመልካች ትነሳለች። መድረክ ላይ ወጥታ ሠራተኛውንም ስልኩንም አልተካም ትላለች። አንድ ባዶ ወንበር ትስብና ከስልኩ ጀርባ ታስቀምጠዋለች። ወደ ተመልካቹ ዞራም ትጠይቃለች፦ «እዚህ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ስሙን የሚያውቅ አለ?»